የኩሬ ቅጠል ገልብጦ ያየው ጨርቅ ነጋዴ

ወደ መስክ ወጣ ስንል ውኃ በተኛበት ቦታ ሁሉ ላዩን ሸፍኖ የሚታይ አረንጓዴ ነገር አለ። ከብት በሚጠጣበት ኩሬ ላይ፣ በመስኖ ቦይ ጥግ፣ በረግረግ መካከል እናየዋለን። አብዛኞቻችን የምንሰጠው ስም አንድ ብቻ ነው፤ የውኃ ቆሻሻ ነው ብለን እናልፋለን። ቀረብ ብሎ ላስተዋለው ግን ያ አረንጓዴ ነገር አንድ ሳይሆን ብዙ ነው። አንዱ እንደ ጽጌረዳ አበባ የሚያወጣ ተክል ነው፤ ሌላው የፈርን ወገን ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ሥርም ቅጠልም የሌለው አልጌ ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ይህን ነገር ጎንበስ ብለው ካዩት ሰዎች መካከል ከቀደምቶቹ አንዱ የሆነውን የአንቶኒ ቫን ሌቨንሁክን የሕይወት ታሪክ በአጭሩ ልናካፍላችሁ ወድደናል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

ስለዚህ ሰው በሁለተኛ ደረጃ ስንማር ባክቴሪያን መጀመሪያ ያየ ሰው ነው ተብሎ በአንድ መስመር ይታለፋል። እኛ ግን ሁለት ጥያቄ ይዘን ተነሥተናል። አንደኛው፣ ከፍተኛ ትምህርት ያልቀመሰ አንድ ባለ ሱቅ የተማሩት ሁሉ ያላዩትን እንዴት ሊያይ ቻለ? ሁለተኛው፣ ይህን ያህል ያየ ሰው ለምን አንድ ተማሪ እንኳ ሳያስተምር ሞተ? ነገ በየገጠሩ ጠመኔ ይዘን ለምንቆም ለእኛ ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይልቅ ይከብዳል።

ልጅነቱና ኑሮው

ሌቨንሁክ በ1632 በጥቅምት ወር በሆላንድ አገር ደልፍት በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ቅርጫት ሠሪ ነበር፤ እናቱ ከቢራ ጠማቂዎች ቤተሰብ የተገኘች ናት። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ሞተበት። እናቱ ሌላ ባል ስታገባ ልጁ ከደልፍት ወጣ ብላ በምትገኝ ከተማ ትምህርት ቤት ገባ፤ ከዚያም አጎቱ ዘንድ ተቀመጠ። 16 ዓመት ሲሞላው ወደ አምስተርዳም ተላከና በአንድ ጨርቅ ነጋዴ ሱቅ ውስጥ ሥራ ለመደ። በ1654 ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ ባርባራ ደ ሜይ የምትባል ሴት አገባ፤ የራሱንም የጨርቅ ሱቅ ከፈተ።

እንግዲህ ትምህርቱ ይኸው ነው። የዩኒቨርሲቲ ደጅ አልረገጠም። በዚያን ጊዜ ሊቃውንት የሚጽፉትም ሆነ የሚከራከሩት በአብዛኛው በላቲን ነበር፤ እሱ ደግሞ ላቲን አያውቅም። የሚያውቀው የእናቱን ቋንቋ ሆላንድኛን ብቻ ነው። ኑሮውም ቢሆን ኀዘን አላጣውም። ከባርባራ ከወለዳቸው አምስት ልጆች አድጋ ለወግ ለማዕረግ የበቃችው ማሪያ ብቻ ስትሆን፣ ባርባራ ራሷም በ1666 አረፈች። በ1671 ኮርኔሊያ የምትባል ሁለተኛ ሚስት አገባ፤ እሷም በ1694 ሞተች። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ቤቱን የያዘችለት ማሪያ ነች።

ከሱቁ ሌላ የከተማ ሥራም ነበረው። በ1660 በደልፍት ማዘጋጃ ቤት የሹማምንቱን መሰብሰቢያ ክፍል የሚጠብቅና የሚያሰናዳ ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ። በ1669 በመሬት ቀያሽነት ተፈተነና አለፈ። በ1679 ደግሞ ወደ ከተማዋ የሚገባውን የወይን ጠጅ በርሜል ልክ የሚመረምር ሰው ሆነ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ጨርቅ መለካት፣ መሬት መለካት፣ በርሜል መለካት፤ የሰውየው ሥራ ሁሉ ልኬት ነው። በኋላ በውኃ ጠብታ ውስጥ ያየውን ሁሉ ከአሸዋ ቅንጣት፣ ከጺም ፀጉር፣ ከማሽላ ፍሬ ጋር እያነጻጸረ መጠኑን መናገር የለመደው ከሜዳ ተነሥቶ አይደለም።

መሣሪያው ምን ይመስል ነበር?

በዚያ ዘመን ጨርቅ ነጋዴዎች የክሩን ጥራት ለማየት አጉሊ መነጽር ይጠቀሙ ነበር። ሌቨንሁክ በዚህ አልረካም። ማታ ማታ ቤቱ ተቀምጦ ጥቃቅን ሌንሶችን በገዛ እጁ መሥራት ጀመረ። የእሱ ማይክሮስኮፕ ዛሬ በላቦራቶሪ የምናውቀውን ረጅም ቱቦ አይመስልም። ከጣት ብዙም የማይበልጥ የናስ ወይም የብር ዝርግ ብረት ሁለት ተደርቦ፣ በመካከሉ በቀዳዳ ውስጥ አንዲት ኢምንት ሌንስ ተቀምጣለች። በአንድ በኩል የሚታየው ነገር የሚሰካበት መርፌ አለ፤ መርፌውን የሚያቀርብና የሚያርቅ ብሎን አለ። ተመልካቹ መሣሪያውን ዓይኑ ሥር ለጥፎ ወደ ብርሃን ይይዘዋል፤ አለቀ። ውኃ ማየት ሲፈልግ ቀጭን የመስታወት ቱቦ ውስጥ ያስገባው ነበር።

በዕድሜው ከ500 በላይ ሌንሶች ሠርቷል። ከማይክሮስኮፖቹ እስከ ዛሬ የተረፉት ከአሥር ጥቂት ብቻ የሚበልጡ ሲሆኑ፣ በሆላንድ በዩትሬክት ከተማ ያለው አንዱ 270 ጊዜ ያህል ያጎላል። በአንዲት ሌንስ ብቻ ይህን ያህል ማጉላት ቀላል ነገር አይደለም። እሱም ሆነ ማንም ቢሆን በዓይን ላይ ለጥፎ ለሰዓታት ማየት ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ መገመት አያቅትም።

የሐይቁ አረንጓዴ ደመና

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንግባ። ከደልፍት የሁለት ሰዓት መንገድ ያህል ርቆ በርከል በሚባለው መንደር አጠገብ አንድ ሐይቅ ነበር። ውኃው በክረምት ጥርት ያለ ነው፤ የበጋው ወራት ሲመጣ ግን ነጣ እያለ ይደፈርስና በውስጡ ትናንሽ አረንጓዴ ደመና የመሰለ ነገር ይንሳፈፍበታል። ያገሩ ሰው ምክንያቱን ሲጠየቅ ጤዛው ነው ይል ነበር። ከሰማይ የወረደ ጤዛ ውኃውን እንደዚያ ያደርገዋል ብሎ ያምናል። ከአባቱ የሰማው ስለሆነ ሄዶ ያየው አልነበረም።

በ1674 ሌቨንሁክ ወደዚያ ሐይቅ ሄደና ከአረንጓዴው ነገር ጥቂት በመስታወት ብልቃጥ ቀድቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በማግስቱ በሌንሱ ሲያየው ጤዛ የሚባል ነገር የለም። ያገኘው ከሰው ራስ ፀጉር የማይወፍሩ አረንጓዴ ክሮች ናቸው፤ በውስጣቸው አረንጓዴው ቀለም እንደ ተጠመዘዘ ጥብጣብ በሥርዓት እየዞረ ይሄዳል። በክሮቹ መካከል ደግሞ ወዲያና ወዲህ የሚዋኙ፣ ከዚያ በፊት ማንም ያላያቸው ጥቃቅን ሕያዋን ነበሩ። ያየውን ሁሉ በመስከረም ወር 1674 ለለንደኑ የሳይንስ ማኅበር ለሮያል ሶሳይቲ በደብዳቤ ጻፈ። ያ እንደ ጥብጣብ የሚጠመዘዘው ክር ዛሬ ስፓይሮጋይራ የምንለው አልጌ እንደሆነ የሥነ ሕይወት ሰዎች ይስማማሉ። በአማርኛ ባዮሎጂ መጽሐፋችን ላይ የምናየው ሥዕል ማለት ነው።

ታዲያ ቁም ነገሩ ምንድን ነው? ሰዉ ሐይቁን ሁልጊዜ ያየዋል፤ ነገር ግን ሲያይ የኖረው ስሙን እንጂ ነገሩን አይደለም። ጤዛ ነው ካሉት በኋላ ማን ጎንበስ ይላል? ሌቨንሁክ ያደረገው ትልቅ ነገር ብልቃጥ ይዞ መሄዱ ነው።

ሊቃውንቱ አላመኑትም

ከሮያል ሶሳይቲ ጋር ያገናኘው ያገሩ ሰው የሆነው ሐኪም ራይኒር ደ ግራፍ ነበር፤ የመጀመሪያ ደብዳቤው የታተመውም በ1673 ነው። እስከ 1676 ድረስ ደህና ተግባብተው ቆዩ። በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር ግን አንድ ረጅም ደብዳቤ ላከ። በርበሬ ዓይነት ቅመም፣ ማለትም ቁንዶ በርበሬ፣ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ሲያይ ከቀድሞዎቹ ሁሉ ያነሡ ሕያዋን ማየቱን ገለጸ። ከእነዚህ መካከል ዛሬ ባክቴሪያ የምንላቸው ይገኙባቸዋል። ቁጥራቸውንም ሲገምት በአንዲት ጠብታ ውስጥ እጅግ ብዙ ሺህ አለ።

በዚህ ጊዜ ለንደን ተጠራጠረች። ምንስ ይደረግ? ላቲን የማያውቅ ጨርቅ ነጋዴ፣ ሌላ ሰው በሌለው መሣሪያ፣ ሌላ ሰው ያላየውን አየሁ ይላል። ማኅበሩ አባላቱን እንዲሞክሩ አዘዘ፤ መጀመሪያ አልታይ አላቸው። ሌቨንሁክ አልተቆጣም፤ ዝምም አላለም። ቀሳውስትና የሕግ ሰዎች የሚገኙባቸውን ስምንት የታወቁ ሰዎች ጠርቶ በገዛ ዓይናቸው እንዲያዩ አደረገና የምስክርነት ቃላቸውን በ1677 ላከ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ሮበርት ሁክ የተባለው ሊቅ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ሙከራውን ደግሞ ለአባላቱ አሳየ። ነገሩ እውነት ሆኖ ተገኘ። በ1680 ጨርቅ ነጋዴው የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኖ ተመረጠ።

ከዚያ ወዲያ ዝናው ገነነ። በ1698 የሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ጴጥሮስ ወደ ሆላንድ ሲመጣ አስጠርቶት በእባብ መሰል ዓሣ ጭራ ውስጥ ደም እንዴት እንደሚዘዋወር አሳይቶታል። ዝናው ግን ከኩሬው አላራቀውም።

ቅጠሉን ሲገለብጠው

በ1702 መጨረሻ፣ ዕድሜው 70 ዓመት ሆኖ ሳለ፣ ሌቨንሁክ በደልፍት ቦዮች ላይ የሚንሳፈፈውን ጥቃቅን ቅጠል ከውኃው ጋር አስቀድቶ መረመረ። ይህን ተክል የሆላንድና የእንግሊዝ ሰዎች በዳክዬ ስም ይጠሩታል፤ ፈረንሳዮችና ጀርመኖች ደግሞ የውኃ ምስር ይሉታል። በእርግጥም ለዓይን የምስር ክክ ውኃ ላይ የተበተነ ነው የሚመስለው። እኛም በዚህ ጽሑፍ የውኃ ምስር ብንለው ያስኬዳል። የሳይንስ ስሙ ሌምና ነው።

ሌላው ሰው ቢሆን ቅጠሉን ከላይ አይቶ ይተወዋል። ሌቨንሁክ ግን ገለበጠው፤ ወደ ውኃው የተንጠለጠለውን ቀጭን ሥሩን በመስታወት ቱቦ ውስጥ አስገብቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመለከተ። በሥሩ ላይ አንድ ሙሉ መንደር ነበር። በቀጭን ዘንግ ላይ የተቀመጡ ደወል የመሰሉ ፍጥረታት፣ እንደ መንኮራኩር የሚሽከረከር ፀጉር ያላቸው ሌሎች፣ እንዲሁም ክንዶቹን የሚዘረጋና የሚሰበስብ ሃይድራ የተባለው እንስሳ ከሥሩ ጋር ተጣብቀው ይኖሩ ነበር። ሃይድራው ከገላው ጎን ልጁን እንደ ቅርንጫፍ ሲያበቅልና ልጁ ሲለይ ተከታትሎ ጻፈ። ሥዕል ለመሣል እጁ እምብዛም ስለነበር ሠዓሊ ቀጥሮ አሠርቶ አያይዞ ላከ። ደብዳቤው በ1703 በሮያል ሶሳይቲ መጽሔት ላይ ታተመ።

እንዴት እንለያቸው?

ቅጠሉን መገልበጥ የዋዛ ነገር እንዳልሆነ የሚገባን እነዚህን ጥቃቅን ተንሳፋፊ ተክሎች ለመለየት ስንፈልግ ነው። ከላይ ሲታዩ ሁሉም አረንጓዴ ናቸው፤ ልዩነታቸው ያለው ከታች ነው።

ሌምና ወይም የውኃ ምስር፦ ቅጠል መሳዩ አካል ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ቢገለበጥ ከእያንዳንዱ ሥር አንዲት ቀጭን ሥር ብቻ ተንጠልጥላ ትገኛለች። ቅጠልና ግንዱ የተለየ አይደለም፤ ሁሉም አንድ ላይ ነው። ልጁን ከጎኑ እያወጣ ይበዛል እንጂ አበባ የሚያወጣው አልፎ አልፎ ነው፤ አበባውም በዓይን አይታይም ማለት ይቻላል። ሊኒየስ የተባለው የስዊድን ሊቅ በ1753 ሌምና ማይነር ብሎ ስም ሰጥቶታል።

ስፓይሮዴላ፦ ከሌምና ተለቅ ይላል። ቢገለበጥ ከአንድ ቦታ ብዙ ሥሮች እንደ ጭራ ወርደዋል፤ ጀርባውም ብዙውን ጊዜ ወይን ጠጅ ቀለም አለው። ሊኒየስ ከሌምና ጋር ቆጥሮት ነበር፤ ራሱን አስችሎ የለየው ጀርመናዊው ሽላይደን በ1839 ነው።

ዎልፊያ፦ ይህስ ጉድ ነው። ሥር የሚባል ነገር ጭራሽ የለውም፤ መጠኑ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። በእጅ ሲነኩት እንደ ደቃቅ ገንፎ እህል ይሻክራል። አበባ ከሚያወጡ ተክሎች ሁሉ በትንሽነቱ የሚስተካከለው የለም።

አዞላ፦ ይህ አበባ የለውም፤ የፈርን ወገን ነው። ጥቃቅን ቅጠሎቹ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርበው ይታያሉ፤ ፀሐይ ሲበረታበት ወይም ብርድ ሲያገኘው ቀይ ይሆናል። በቅጠሎቹ ቀዳዳ ውስጥ ከአየር ናይትሮጅን የሚይዙ ጥቃቅን ፍጥረታት ስለሚኖሩ በቻይናና በቬትናም የሩዝ ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ በማዳበሪያነት ተጠቅመውበታል።

ስፓይሮጋይራ፦ ይህ አልጌ ነው። በእጅ ሲያነሡት የሚያሟልጭ አረንጓዴ ፀጉር ይመስላል፤ ሥር የለም፣ ቅጠል የለም። ጥብጣቡ የሚታየው በማይክሮስኮፕ ነው።

ሥር ስንት? አንድ፣ ብዙ፣ ወይስ የለም? ቅርፊት አለው? ፀጉር ይመስላል? እነዚህን አራት ነገሮች የጠየቀ ሰው ያለ ምንም መሣሪያ ከላይ የዘረዘርናቸውን አምስቱን ይለያል። ለሒሳብ ክፍለ ጊዜም የሚሆን ነገር አለ፦ ሌምና ሲመቸው በሁለት ሦስት ቀን እጥፍ ይሆናል። በሦስት ቀን እጥፍ ይሆናል ብንል አንዲቱ በ30 ቀን 1024 ትሆናለች። ኩሬው በአንድ ወር እንዴት እንደሚሸፈን ተማሪው በራሱ እጅ ያሰላዋል።

ያላስተማረው ሰው

አሁን ወደዚያ የከበደን ጥያቄ እንመለስ። ሌቨንሁክ ለሃምሳ ዓመት ያህል ወደ ለንደን ጽፏል፤ ለማኅበሩ የላካቸው ደብዳቤዎች ወደ 190 ይደርሳሉ። ያየውን አልደበቀም። ነገር ግን እንዴት እንዳየ ደበቀ። ጎብኚ ሲመጣ መካከለኛ ማይክሮስኮፖቹን ያሳያል፤ ምርጦቹን ግን ለራሱ ያስቀምጣል። ምርጥ ሌንሶቹን የሠራበትንና የተመለከተበትን ዘዴ ለማንም አልገለጸም።

ሊብኒዝ የተባለው ታላቁ ጀርመናዊ ሊቅ ነገሩ አሳስቦት ወጣቶችን ሰብስቦ እንዲያስተምር መከረው። በ1715 ሌቨንሁክ የሰጠው መልስ እምቢ የሚል ነው። አብዛኞቹ ተማሪዎች የሚማሩት በዕውቀት ገንዘብ ለማግኘት ወይም በሰው ዘንድ ለመከበር ነው፤ ይህ ሥራ ግን ብዙ ጊዜና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ከሺህ ሰው አንድ እንኳ የሚችለው አይገኝም የሚል ምክንያት አቀረበ።

እኛ እዚህ ላይ ከሰውየው ጋር እንለያያለን። የሰውየው ጥርጣሬ መነሻ የለውም አንልም፤ ለማዕረግ ብቻ የሚማር ተማሪ ያኔም ነበረ፣ ዛሬም አለ። ነገር ግን እሱ ራሱ ማን ነበር? የቅርጫት ሠሪ ልጅ፣ የሱቅ ሠራተኛ፣ ላቲን የማያውቅ። ደልፍት ውስጥ በ1648 ቆሞ ከሺህ ልጅ መካከል ይህን የሚችል ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ ጣቱን ወደዚህ ልጅ የሚቀስር ሰው ነበር? አይመስለንም። ከሺህ አንድ ብሎ የቆጠረው ሰው ራሱ ማንም ያልቆጠረው አንድ ነው። ለዚህ ነው መምህር ሺሁንም ማስተማር ያለበት፤ አንዱ የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ የሚያውቅ የለምና።

ሌቨንሁክ ነሐሴ 26 ቀን 1723 በ90 ዓመቱ ሞተ። በመጨረሻዎቹ ቀናት እንኳ አልጋ ላይ ሆኖ የገዛ በሽታውን ጠባይ ያጽፍ ነበር። በኑዛዜው መሠረት ማሪያ 26 የብር ማይክሮስኮፖች ለሮያል ሶሳይቲ ላከች፤ እነሱም በኋላ ዘመን ጠፉ። ማሪያ በ1745 ሞተች፤ የቀሩት መሣሪያዎች በ1747 በሐራጅ ተሸጡ። ባክቴሪያን በሚመለከት እሱ ካየው ርቆ ለመሄድ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ።

ያ ሁሉ የተደበቀ ምሥጢርስ ምን ነበር? በ2021 የታተመ የሆላንድ ተመራማሪዎች ጥናት የዩትሬክቱን ማይክሮስኮፕ ሳይፈቱ በኒውትሮን ጨረር ውስጡን አዩት። ሌንሷ የመስታወት ክር ጫፉን በእሳት በማቅለጥ የምትሠራ ትንሽ ድቡልቡል ኳስ ሆና ተገኘች። ይህ ዘዴ ደግሞ ያው ሮበርት ሁክ በመጽሐፍ ጽፎ ለሕዝብ የገለጸው ነበር። ስለዚህ የሰውየው ትልቅነት በመስታወቱ ላይ ብቻ አልነበረም። ትዕግሥቱና ልማዱ ነው። ትዕግሥትና ልማድ ደግሞ በሐራጅ አይሸጥም፤ ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው በማስተማር ብቻ ነው።

ደብዳቤው ያስተማራቸው

ደግነቱ ሰውየው ባያስተምርም ጽሑፉ አስተማረ። ስለ ውኃ ምስር የጻፈው በ1703 ሲታተም በእንግሊዝ ገጠር የሚኖር አንድ ሰው አነበበውና በበኩሉ ከኩሬ የውኃ ምስር አውጥቶ ሥሩን ተመለከተ። እሱም በሥሩ ላይ በሰንሰለት የተያያዙ፣ በማስመሪያ የተሠመሩ የሚመስሉ አራት ማዕዘኖችን አየ፤ ተክል ሳይሆኑ አይቀሩም ብሎም ገመተ። ዛሬ ዳያቶም የምንላቸውን፣ የመስታወት ዓይነት ቅርፊት ያላቸውን አልጌዎች በእርግጠኝነት ያየ የመጀመሪያው ሰው እሱ እንደሆነ ይነገራል። ጽሑፉ በዚያው ዓመት ሲወጣ ስሙን አልጻፈም።

ሁለተኛው ምሳሌ ደግሞ ለእኛ ሙያ ይበልጥ ይቀርባል። አብርሃም ትራምብሌ የሚባል የጄኔቫ ሰው በሆላንድ በሔግ ከተማ አጠገብ የአንድ መኮንን የሁለት ልጆች የቤት አስተማሪ ነበር። ሔግ ከደልፍት እምብዛም አይርቅም። በ1740 የበጋ ወራት ከቦይ የውኃ ተክሎችን ወደ መማሪያ ክፍላቸው አምጥቶ በመስታወት ዕቃ አስቀመጠ። በተክሎቹ ላይ ያንኑ ሃይድራ አገኘ። አረንጓዴ ስለነበረ ተክል ይሁን እንስሳ ግራ ገባው። ተክል ከሆነ ቢቆረጥም ይበቅላል፣ እንስሳ ከሆነ ይሞታል ብሎ ለሁለት ቆረጠው። ሁለቱም ግማሾች ሙሉ ሆነው አደጉ። በ1744 ያሳተመው መጽሐፍ የአውሮፓን ሊቃውንት ሁሉ አስደነቀ። አንድ አስተማሪ፣ ሁለት ተማሪዎች፣ አንድ ብርጭቆ የቦይ ውኃ፤ ሌላ ነገር አልነበረም።

ለእኛ የሚተርፈው

ነገ የምንመደብበት ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ላይኖረው ይችላል። ማይክሮስኮፕ የለም ብለን ትምህርቱን በሰሌዳ ላይ ሥዕል ብቻ ልንጨርሰው ነው? ኩሬ ግን አይጠፋም። በቀጭን ቆርቆሮ ላይ በምስማር ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር የምታህል ቀዳዳ በስተን አንዲት የውኃ ጠብታ ብናስቀምጥባት ራሷ ሌንስ ሆና ነገሩን ብዙ ጊዜ ታጎላዋለች። በእሷ የሌምናን ሥርና የአዞላን ቅርፊት ማየት ይቻላል። ነጭ ሳሕን፣ የመስታወት ብልቃጥና ይህች ቆርቆሮ ለአንድ ክፍለ ጊዜ በቂ ናቸው። አንድ ነገር ግን አደራ እንላለን፦ ተማሪዎች ኩሬ ውስጥ አይግቡ። በውኃ ተክሎች ላይ የሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉበት ቦታ አለ። ብልቃጡን በረጅም ዘንግ ላይ አስሮ ከዳር ሆኖ መቅዳት ነው የሚሻለው፤ ውኃው የነካው እጅም ወዲያው ይታጠብ።

ጥቅሙ ምንድን ነው የሚል ካለ መልሱ በአገራችን ሐይቆች ላይ ተጽፏል። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው እንቦጭ በቆቃ ከ1965 ጀምሮ፣ በጣና ላይ ደግሞ ከ2011 ጀምሮ ታይቷል። እንቦጭ ከእነዚህ ጥቃቅን ተክሎች ጋር ሲነጻጸር ግዙፍ ነው፤ ነገር ግን እሱም የሚጀምረው ዳር ላይ ከተጠጋች አንዲት ተክል ነው። በሰፈሩ ውኃ ላይ ምን ምን እንደሚንሳፈፍ ለይቶ የሚያውቅ ልጅ አዲስ እንግዳ ሲመጣ ይህ የእኛ አይደለም ብሎ ቶሎ ይናገራል። ሁሉንም የውኃ ቆሻሻ ብሎ የሚያልፍ ልጅ ግን ሐይቁ ከተሸፈነ በኋላ ነው የሚያየው።

እንግዲህ የሌቨንሁክን ዓይን እንውሰድ፤ እምቢታውን ግን እንተውለት። ከሺህ አንድ የሚለውን ቆጠራ ትተን በክፍላችን ያሉትን ልጆች ሁሉ ወደ ኩሬው ዳር እናውጣና ቅጠሉን ገልብጠው ሥሩን እንዲቆጥሩ እናድርግ። ጤዛ ነው ብሎ የሚያልፍና ብልቃጥ ይዞ የሚሄድ ልጅ የትኛው እንደሆነ ያኔ ይለያል እንላለን።